ድረ ገጹ አልከፈት ሲል

ድረ ገጽ አልከፈት ሲል የብዙ ጀማሪ አስተዳዳሪ እጅ የሚቸኩለው ሰርቨሩን አጥፍቶ ለማብራት ነው። እባካችሁ፣ ከዚያ በፊት ሎጉን፣ ማለትም የሰርቨሩን መዝገብ፣ አንብቡ!

የዌብ ሰርቨር ፕሮግራሞቹ አፓቺም ሆነ ኤንጂንኤክስ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ገጽ እንደጠየቀ አንድ በአንድ ይመዘግባሉ፤ ስህተቱን ደግሞ በሌላ ፋይል። ከየጥያቄው ጋር የሚሰፍረውን ቁጥር እዩ። 404 ከሆነ የተጠየቀው ገጽ አልተገኘም፤ 403 ከሆነ ተከልክሏል። እኔ ከሁሉም በላይ ልታውቁት ይገባል የምለው 502ን ነው። ይህ ቁጥር ሲመጣ ኤንጂንኤክስ ራሱ እየሠራ ነው፤ ጥያቄውን ያስተላለፈለት ከጀርባ ያለው ፕሮግራም ግን ወይ ቆሟል፣ ወይ በአግባቡ አልመለሰም። ስለዚህ ኤንጂንኤክስን ደጋግሞ ማስነሳት ጊዜ ማባከን ነው፤ የፕሮግራሙን ሎግ ክፈቱ፤ መነሻው ብዙውን ጊዜ እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነም አረጋግጡ። ሎጉ ራሱ፣ የቆየው እየተጨመቀና እየተሰረዘ ካልሄደ፣ ቦታውን ሊጨርሰው ይችላል።

አሳሹ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ካለ ደግሞ የድረ ገጹን ሰርተፊኬት ማብቂያ ቀን ተመልከቱ። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ተቋም በነፃ የሚሰጠው ሰርተፊኬት ለዓመታት የ90 ቀን ዕድሜ ነበረው። እንዲህ አጭር የሆነው እድሳቱ በሰው እጅ ሳይሆን ሰርትቦትን በመሰለ ፕሮግራም እንዲሠራ ታስቦ ነው፤ ስለዚህ ሰርቨሩን ባዘጋጃችሁበት ቀን ይህን እድሳትም አብራችሁ አስተካክሉ።