የፊልም አዳራሽና የአገር ፊልም ዕድሜ



መጽሐፍ ታትሞ አንባቢ ካላገኘ የወረቀት ክምር ሆኖ እንደሚቀር ሁሉ፣ ፊልምም ተሠርቶ የሚታይበት ስፍራ ካጣ ለሠሪው ዕዳ ይሆናል። «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የተባለው ፊልም በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ በኢትዮጵያ ብዙ ፊልሞች ተሠርተዋል። ነገር ግን የሲኒማ አዳራሾቹ በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች የተወሰኑ ናቸው። ወጪው ያልተመለሰለት ሰው ደግሞ ሁለተኛ ፊልም ለመሥራት አቅም ያጣል። ስለዚህ ለአገር ፊልም ጽናት ከካሜራው እኩል አዳራሹ ሊታሰብበት ይገባል።

ለዚህ የጎንደሩ ተወላጅ የኃይሌ ገሪማ ሥራ ምሳሌ ይሆናል። ኃይሌ በዋሽንግተን ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት የፊልም መምህር ሆኖ አገልግሏል። ስለ ባሪያ ንግድ የሚናገረውን «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 ፈጽሞ ባቀረበ ጊዜ፣ የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። እርሱ ግን ፊልሙን በሣጥን ቆልፎ አላስቀመጠውም። ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር አዳራሽ ተከራይቶ አሳየ፤ የጥቁር ሕዝብ ማኅበራት ወሬውን አዳረሱ፤ ፊልሙም ከከተማ ወደ ከተማ ተሻገረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባልና ሚስቱ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት መጽሐፍ የሚሸጥበት፣ ፊልም የሚታይበትና ውይይት የሚደረግበት ቤት ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 የንብረት ግብር ቤቱን ባስጨነቀው ጊዜ የአካባቢው ሰዎች ተሟገቱለት፤ የከተማው ምክር ቤትም ግብሩን አቃለለለት። ቤቱን ያቆመው እንግዲህ ተመልካቹ ነው።

ሲኒማ ቤት የሌለው ወረዳ ብዙ ነው፤ ትምህርት ቤት የሌለው ወረዳ ግን አይገኝም። በበዓል ቀን ወይም በዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ አዳራሽ ከሌለም ሰፊው ክፍል፣ ነጭ አንሶላ ተዘርግቶበት የወላጆችና የተማሪዎች ሲኒማ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ፊልሙን አስቀድሞ አይቶ ይመርጣል፤ ከመታየቱ በፊት አጭር መግቢያ ይናገራል፤ ከታየም በኋላ ተማሪው ያየውን እንዲመረምር ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። በስርቆት የተቀዳ ፊልም በትምህርት ቤት ቢታይ፣ ሌብነትን የሚከለክለው መምህር ራሱ ሌብነትን አስተማረ ማለት ነው። ፈቃድ ተጠይቆ፣ ከእያንዳንዱ ተመልካች ጥቂት ሳንቲም ተሰብስቦ ለባለቤቱ ቢላክ ግን፣ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ከብዙ ትምህርት ቤቶች ሲጠራቀም ለሚቀጥለው ፊልም ስንቅ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።