ሰው የሚያደርገውና ሰው የሚለው



መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ መጠይቅ ይዤ የቆምኩበትን አንድ ጠዋት አልረሳውም። ለተሰላፊው የምናሳየው ካርድ ነበረን። በአንደኛው ጎን ዛሬ ያለው ሚኒባስ፣ በሌላው ጎን ገና ያልመጣ፣ ሰዓቱን የሚያከብርና ወንበር የማያሳጣ አውቶቡስ ከነዋጋው ተጽፎበታል። ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙ አንዲት እናት ዋጋውን ደጋግሜ ከፍ ባደርግባቸውም አዲሱን አውቶቡስ መረጡ። ካርዶቹ ሲያልቁ «ልጄ፣ እውነት ይመጣል?» አሉኝ። «ገና ጥናት ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ወዲያው ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ደረሰ። እሳቸው ግን ታክሲውን አሳልፈው ረጅሙን የአንበሳ አውቶቡስ ሰልፍ ያዙ። ጊዜያቸውን ሰጥተው ብራቸውን አተረፉ።

እኚህ እናት አልዋሹኝም። በካርዱ ፊት የሚመኙትን ነገሩኝ፤ በሰልፉ ላይ ደግሞ ኪሳቸው የሚፈቅደውን አሳዩኝ። የዛሬው ዲስኩሬ ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ ማድመጥ እንደሚቻል ነው።

ሰው ከአማራጮች አንዱን ሲመርጥ ለጊዜ፣ ለዋጋና ለጥበቃ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ በቀመር ማስላት ይቻላል። ኢኮኖሚስቱ ዳንኤል ማክፋደን ይህን በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ፈትኖታል። ባርት የተባለው ባቡር አገልግሎት ሳይጀምር ተጓዦች በወቅቱ ያደርጉት ከነበረው ምርጫ ተነሥቶ፣ ከሠራተኞች የሥራ ጉዞ 6.3 በመቶው በባቡሩ እንደሚሆን ተነበየ። የባለሥልጣናቱ ግምት 15 በመቶ ነበር። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር የተገኘው 6.2 በመቶ ሆነ። ማክፋደን ዕድልም እንደረዳው ራሱ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2000 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

ታዲያ የተግባር መረጃ ይህን ያህል ከሠራ ስለ ምናባዊ አውቶቡስ ሰው ማስቸገር ለምን አስፈለገ? መልሱ እዚሁ እኛ ከተማ፣ አዲስ አበባ፣ ይገኛል። የሚኒባስ ታሪፍ የሚተመነው በርቀት ነው። መንገዱ ሲረዝም ዋጋውም ጊዜውም አብረው ይጨምራሉ። ተጓዡ ከሩቁ ጉዞ የሸሸው ብሩ በዝቶበት ይሁን ሰዓቱ ረዝሞበት፣ ያደረገውን ብቻ አይቶ መለየት አስቸጋሪ ነው። ደግሞም የሌለ ነገር አይመረጥም። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ እስኪጀምር ድረስ በአዲስ አበባ በቀላል ባቡር የሄደ አንድም ሰው አልነበረምና ከተግባር የሚቆጠር ነገር አልነበረም።

ካርዱ ይህን ችግር ይፈታል። ዋጋውን ከፍ፣ ጊዜውን ዝቅ እያደረግን እንደፈለግን እንለያያቸዋለን። ሆኖም በቃል የሚመረጠው ነገር ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው፤ የሚከፈልበት ብር የለም። አንዳንዱ አውቶቡሱ እንዲመጣለት ሲል ብቻ «እሳፈራለሁ» ይላል። ሌላው ዛሬ የያዘውን መንገድ ትክክል ለማስመሰል አዲሱን ያጣጥላል።

ሁለቱን መረጃ ዝም ብሎ መቀላቀልም አይሆንም። አንዱ ገበሬ እህሉን በቁና፣ ሌላው በጣሳ ሰፍረው ቁጥሩን ቢነግሩን እንደወረደ አንደምርም። ይሁን እንጂ የሁለቱም ጤፍ የገብሳቸው እጥፍ ከሆነ፣ መስፈሪያቸው ቢለያይም እጥፍነቱ አይለወጥም። እዚህም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ከተግባር መረጃ የአንድ ደቂቃ ክብደት 0.03፣ የአንድ ብር 0.06 ወጣ እንበል። ከካርዱ ደግሞ 0.06 እና 0.12 ወጣ። ቁጥሮቹ ቢለያዩም ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፦ አንድ ደቂቃ ሃምሳ ሳንቲም ያወጣል። የተለያየው መስፈሪያው ነው። እውነተኛው ጉዞ ላይ የማናያቸው ምክንያቶች ሲበዙ ክብደቶቹ ያንሳሉ፤ በካርዱ ላይ ሲቀንሱ ይገዝፋሉ።

ተመራማሪዎቹ ሞሼ ቤን-አኪቫና ታካዩኪ ሞሪካዋ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳዩት መንገድ ይህ ነው፦ በሁለቱ መረጃዎች መካከል ያለውን የመስፈሪያ ልዩነት አስቀድሞ አለመገመት፤ ከክብደቶቹ ጋር አብሮ ማስላት። ከሠሩባቸው መረጃዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1987 በኔዘርላንድ ናይሜኸን ከተማ ለአገሪቱ ምድር ባቡር የተሰበሰበው ነው። ባለፉት ሦስት ወራት ወደ አምስተርዳም፣ ሮተርዳም ወይም ሄግ የተጓዙ ነዋሪዎች በመኪና ወይስ በባቡር እንደሄዱ ተጠየቁ። ከዚያ ስለዚያው ጉዞ የታሰቡ አማራጮች ቀረቡላቸው። ያደረገውም የተናገረውም ያው ሰው በመሆኑ፣ የቃሉን ዝንባሌ ከተግባሩ ጋር ማስተያየት ተቻለ።

ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች፣ ጆፍሪ ስዌትና ጆርዳን ሉቪዬር፣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ልዩነቱ የመስፈሪያ ብቻ መሆኑ እንዴት እንደሚፈተን አሳዩ። እኔ ከሁሉ አብልጬ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ፈተና ነው። አንዱ መረጃ ደቂቃን በሃምሳ ሳንቲም፣ ሌላው በሁለት ብር ከተመነ የመስፈሪያ ነገር አይደለም፤ በግድ ማጣበቅ ውሸት ይሆናል። ሲስማሙም የሥራ ክፍፍል አላቸው። ጊዜ በስንት ብር እንደሚለወጥ ካርዱ በጥራት ይነግረናል። ስንት ሰው እንደሚሳፈር ስንተነብይ ግን መልሕቃችን የተግባሩ መረጃ ይሁን፤ በካርዱ ብቻ ብንሄድ ኖሮ የመገናኛዋን እናት በአዲሱ አውቶቡስ ተሳፋሪነት እንቆጥራቸው ነበር።

ሰው «እፈልጋለሁ» ስላለ ብቻ በብድር መንገድና ሐዲድ መዘርጋት፣ ወይም ሰው እስካሁን ስላልተጠቀመበት አያስፈልገውም ማለት፣ ሁለቱም የሚያስከፍሉት ያንኑ ተሰላፊ ነው። ስለዚህ እናንተ ወጣት አጥኚዎች፣ ነገ መጠይቅ ስታዘጋጁ ካርዱን ከማውጣታችሁ በፊት የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ዛሬ ጠዋት በምን መጡ? ስንት ከፈሉ?» የሚል ይሁን።