የሁለት ራውተሮች የጋራ መስመር አድራሻ ለመላው ኔትወርክ መታወጅ አለበትን?



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪና በአምቦ አድርጎ ወደ ጉደርና ጌዶ የሚዘልቀውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለምሳሌ ያህል በእነዚህ ሰባት ከተሞች አንዳንድ ራውተር እንትከል፤ ጎረቤታሞቹንም በነጥብ ለነጥብ መስመር እናገናኝ። ስድስት መስመሮች ይኖሩናል። ለእያንዳንዳቸው እንደ ልማዱ ባለ 30 ቢት ቅድመ አድራሻ ብንሰጥ 24 አድራሻ ይወስዳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው አርኤፍሲ 3021 እንደሚፈቅደው ባለ 31 ቢት ብናደርገው 12 ይበቃል። ይህን በዚሁ እንለፈው።

የዛሬው ጥያቄ ሌላ ነው፤ በጊንጪና በአምቦ መካከል ያለውን መስመር አድራሻ የጌዶው ራውተር ማወቅ ይኖርበታልን?

የኦኤስፒኤፍ ነባር ደንብ፣ ማለትም ጆን ሞይ እ.ኤ.አ. በ1998 የጻፈው አርኤፍሲ 2328፣ ያሳውቀዋል። አንድ ራውተር አድራሻ ስለ ተሰጠው የነጥብ ለነጥብ መስመር ሁለት ነገር ያውጃል፤ ከእገሌ ራውተር ጋር በዚህ ያህል ወጪ መገናኘቱን፣ እንዲሁም በመስመሩ ላይ ያለውን ቅድመ አድራሻ። ልብ በሉ፤ የአጭሩ መንገድ ስሌት የሚመረኮዘው በፊተኛው ላይ ነው። ኋለኛው ቢቀር ከጌዶ ወደ ሆለታ የሚላክ ፓኬት መንገዱን አይስትም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አርኤፍሲ 6860 እነዚህን መሸጋገሪያ አድራሻዎች መደበቅ የሚቻልበትን ሥርዓት የደነገገው በዚህ መሠረት ነው። ሠንጠረዡ ያጥራል፤ ከሩቅ ሆኖ የራውተሩን የመስመር አድራሻ ማጥቃትም ይከብዳል።

አንዳንዶች መደበቁ በክረምት መስመር በተቆራረጠ ቁጥር የሚሠራጨውን መልእክት ያስቀራል ይላሉ። አያስቀርም። የጉርብትናው መቋረጥ ራሱ መታወጅ አለበት፤ ስሌቱም እንደገና ይሠራል።

ጉዳቱ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። በመካከል ያለ አንድ መስመር ትልቅ ፓኬት ማሳለፍ ካልቻለ፣ ራውተሩ «ፓኬቱን አሳንስ» የሚል መልእክት ለላኪው ይመልሳል። የመልእክቱ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ያው የመስመር አድራሻ ነው። በመንገዱ ላይ የመነሻ አድራሻን ከሠንጠረዡ ጋር እያመሳከረ የማያውቀውን የሚጥል ማጣሪያ ካለ መልእክቱ በዚያው ይቀራል። ላኪው ምንም ሳይሰማ ትልቁን ፓኬት ደጋግሞ ይልካል፤ ፒንግ ይሠራል፣ ትንሽ ገጽ ይከፈታል፣ ትልቅ ፋይል ግን አይንቀሳቀስም። ትሬስራውትም ኮከብ ብቻ ያሳያል። ባለሙያው ኬብል ሲፈትሽ ይውላል፤ ተጠቃሚው ደግሞ «ኔትወርኩ ዘገየ» ይላል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት፣ አምቦን፣ ጉደርንና ወሊሶን እንደሚያገናኝ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ኔትወርክ ባለ መጠን፣ አድራሻዎቹ ይታወጁ። ጥቂት ተጨማሪ መስመሮች የዛሬን ራውተር አያደክሙም፤ ጥቃትን ለመከላከልም ወደ እነዚህ አድራሻዎች ከውጭ የሚመጣውን በዳር ራውተር ላይ ማገድ ይቻላል። በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች ባሉበት ግን ልደብቃቸው እመርጣለሁ፤ ያን ጊዜ ማጣሪያዎቹ አስቀድመው ይመርመሩ። በሁለቱም መንገድ የእያንዳንዱ ራውተር የሉፕባክ አድራሻ መታወጅ አለበት፤ ክትትሉም በእርሱ ይሁን፤ አንድ መስመር ቢወድቅ በሌላ በኩል ይደረስበታልና።

ተማሪዎች «ፓሲቭ» የሚለውን ትእዛዝ ለመደበቂያ ሲጠቀሙበት ስለማይ አንድ ነገር ልጨምር። ሥራው ተቃራኒ ነው፤ የሰላምታ መልእክቱን ያቆማል፣ ቅድመ አድራሻውን ግን ማወጁን ይቀጥላል። በጊንጪና በአምቦ መካከል ብታደርጉት አድራሻው እንደ ታወጀ ይቀራል፤ ጉርብትናው ይፈርሳል፤ ከአምቦ በስተ ምዕራብ ያለውም ሁሉ ከአዲስ አበባ ይቆረጣል።