የቤት ማጌጫና የመድኃኒት ድንበር
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. እንደ ተቆረቆረች ሁላችንም እናውቃለን። የተቆረቆረችበት ምክንያት ከገላ ንጽሕና ጋራ የተያያዘ መሆኑን ግን አዘውትረን አናስበውም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበርና፣ ሥፍራው ደስ ስላሰኛቸው በዚያው ቤት እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ መኳንንቱም ተከተሏቸው፤ ሰፈሩም ሰፍቶ ከተማ ሆነ። እንግዲህ ገላን መታጠብ፣ ጠጉርን መቀባት፣ እጅና እግርን ማቅለም ለዚች ከተማ ሰው ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በእንጦጦ ግርጌ በተዘረጋው በጉለሌም ቢሆን ሴት አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ያስተላለፉት የቅቤ፣ የእንሶስላና የጭስ ሙያ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ስለዚሁ ሙያ በየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ወገን ሲከራከር ይሰማል። አንደኛው ወገን የእናቶቻችን ቅባት ሁሉ ያለ ዕውቀት የተሠራ ነው ይልና፣ ከሱቅ በብልቃጥ ታሽጎ የመጣውን ብቻ ያምናል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከምድር የበቀለ ነገር ከቶ አይጎዳም፤ ከእናት የወረስነውም ሁሉ ጤና ነው ይላል። ለሁለቱም መልስ አለ። ለፊተኛው፣ በብልቃጥ ከሚመጡት የቆዳ ማንጫዎች መካከል ኩላሊትን የሚጎዳ ሜርኩሪ የተገኘባቸው እንዳሉ እናስታውሰዋለን። ለኋለኛውም፣ ሳማ ከምድር ይበቅላል፤ እርሳስም ከምድር ይቆፈራል እንለዋለን።

እኔ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ማጌጫ ለደኅና ገላ ነው፤ የታመመ ገላ ግን የሐኪም ነው። የቤት ማጌጫ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሚያመጣው ይህን ድንበር አልፎ መድኃኒት ልሁን ሲል ነው።

አስቀድመን በድንበሩ ውስጥ ያለውን መልካም ነገር እንመልከት።

ለጋ ቅቤ ብቻውን ወይም ከተወቀጠ የአደስ ቅጠል ጋራ ተለውሶ ጠጉር ይቀባበታል። ከራስ ቅል ወጥቶ የሚታየው ጠጉር ሕይወት የሌለው ስለሆነ ቅቤ ሊመግበው አይችልም። ነገር ግን በላዩ ተለብጦ እርጥበቱን ይጠብቅለታል፤ በበጋ ደረቅ አየር ጠጉር እንዳይሰባበር ያደርጋል። እናቶቻችን ምክንያቱን በዚህ ቃል ባይናገሩትም ውጤቱን በዓይናቸው አይተውታል። ሆኖም ቅቤው ሰንብቶ ከሻገተ፣ ወይም ራስ ሳይታጠብ በቅቤ ላይ ቅቤ ከተደረበ፣ ስቡን የሚመገበው ረቂቅ ፈንገስ ይበረታና ፎረፎር ያበዛል። ስለዚህ ትኩስነቱና በጊዜው መታጠቡ የሙያው ግማሽ ነው።

እንሶስላም እንዲሁ ነው። በደጋው አገር በወንዝ ዳርና በጓሮ የሚበቅለው የዚህ ተክል ሥር ታጥቦና ተወቅጦ፣ ለሠርግና ለዓመት በዓል በእጅና በእግር ላይ ተጠቅልሎ ያድርና፣ ሲነጋ ጠየም ያለ ቀይ ቀለም ይተዋል። በውስጡ ያለው ማቅለሚያ በሂና ቅጠል ከሚገኘው ጋራ የሚዛመድ ነው፤ ከላይኛው ቆዳ ጋራ ስለሚጣበቅ ቆዳው እየታደሰ ሲሄድ ቀለሙም አብሮ ይለቃል። በቤተ ሙከራም ፈንገስን የመግታት ኃይል ታይቶበታል። የውበት ዕቃ ይመስለን የነበረው የእግር መጠበቂያም ጭምር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በአንጻሩ ቀለሙ ቶሎ እንዲጠቁር ተብሎ የጠጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል የተጨመረበት ጥቁር ሂና ቆዳን አቁስሎ ጠባሳ የሚተው ጊዜ አለ።

ማር በፊት ላይ ሲቀባ እርጥበት ይይዛል፤ ውሃው ጥቂት ስለሆነና አሲድነት ስላለው ጀርሞች በቀላሉ አይራቡበትም። ስለ እሬት ደግሞ ማወቅ የሚገባን አለ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዓይነቶች ይበቅላሉ፤ ስለዚህ በሱቅ ሥዕሉ የሚታየውና በጓሮአችን ያለው አንድ አይደሉም። ደግሞም ከቅጠሉ መካከል የሚገኘው ጥርት ያለው ዝልግልግ ነገር ቆዳን ሲያለዝብ፣ ከልጡ ሥር የሚፈሰው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ቆዳን ይቆጠቁጣል። ስለዚህ ቢጫው ፈስሶ እስኪያልቅ መጠበቅና አጥቦ በውስጡ ባለው ብቻ መጠቀም ያስፈልጋል።

እንግዲህ የእናቶችን ሙያ የሚንቅ ሰው የእንዶድን ታሪክ ያስታውስ። ዛሬ በሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን የመሰለ ነጭ ሸማ እናቶቻችን ሳሙና ሳይበዛ የሚያነጡት በእንዶድ ፍሬ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፣ በውሃው ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ብልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና፣ ነገሩ ለብዙ ዓመት ምርምር በር ከፈተ። ዶክተር አክሊሉም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋራ በ1989 በውጭ አገር ታላቅ ሽልማት ተቀበሉ። ትምህርቱ ሁለት ነው። ዕውቀቱ ከሴቶቹ እጅ ተገኘ፤ ጥቅሙና ልኩ የታወቀው ግን በመመርመርና በመለካት ነው። ሸማ የሚያነጣው ይኸው እንዶድ ዓሣ ይገድላል፤ ዓይን ውስጥ ቢገባም ያቃጥላል።

በዚህ ረገድ ጉለሌ የታደለ ሰፈር ነው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ፓስተር በሚለው ግቢ የሚገኘው የኅብረተሰብ ጤና ተቋም የአገር ባህል መድኃኒቶችን ለብዙ ዘመን ሲመረምር ኖሯል። ከ700 ሄክታር በላይ የሚሰፋው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም አገር በቀል ተክሎች እንዳይጠፉ ይጠብቃል። የተክሉ ስምና ልክ ካልታወቀ፣ ወይም ተክሉ ራሱ ከጠፋ፣ የአያት ሙያ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራልና።

አሁን ወደ ድንበሩ እንምጣ። አበው «ልትኳል ዓይኗን አጠፋች» ያሉት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ኩል ከድንጋይ የሚፈጭ ነው፤ በብዙ አገር ከተመረመሩት ኩሎች ውስጥ ከፍ ያለ መጠን ያለው እርሳስ የተገኘባቸው ጥቂት አይደሉም። እርሳስ በተለይ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል። ሕፃን የተኳለውን ዓይኑን ያሽና ጣቱን ይጠባል፤ ስለዚህ ሕፃንን መኳል ፈጽሞ ሊቀር ይገባል። አንዱን መኳያ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ማዘዋወርም የዓይን በሽታን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል።

ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ ወደ ቢሮ የሚሄደውም ሰው ይስማ። ሎሚ ጨምቆ ፊትን መቀባትና ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ከዚያም ለብዙ ጊዜ የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። የጤና አዳም ጭማቂም እንዲሁ ያደርጋል። በሎሚውና በጤና አዳሙ ውስጥ ያለው ነገር ከፀሐይ ብርሃን ጋራ ሲገናኝ መርዝ ይሆናልና ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ደግሞ ፀሐዩ ቀላል አይደለም።

በወይባ ጭስ መታጠንም ገላን አሙቆ ያልባል፤ መዓዛውም ደስ ያሰኛል። በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች እጅ የተሠራው ማጨሻም የቤት ጌጥ ነው። ነገር ግን በርና መስኮት ዘግቶ በከሰል ላይ መታጠን ሞትን መጋበዝ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውምና ሰው ሳይነቃበት ይገድላል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን በማጌጫ ተሸፍኖ ጊዜው የሚያልፍ በሽታ ነው። የሕፃን ራስ በቆረቆር ሲመለጥ ወራት ሙሉ ቅቤ ይቀባል፤ በሽታው ግን የሚድነው በሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ከዘገየም ጠጉሩ ተመልሶ ላይበቅል ይችላል። በአራስ ልጅ እትብት ላይ ቅቤ መቀባት ለመንጋጋ ቆልፍ በር ይከፍታል። በገላ ላይ ነጣ ብሎ የወጣና ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ደግሞ የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ይህን ምልክት በእርድና በቅባት ሲደብቁ የሚያልፈው ጊዜ ጣትን ያሳጣል። በጊዜ ሐኪም ፊት ቢቀርብ ግን በ6 ወር ወይም በ12 ወር መድኃኒት ያለ አካል ጉዳት ይድናል፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል። ሐፍረት ቤት ያስቀመጠው ሰው ይህን ቢሰማ ኖሮ ስንት እጅ በዳነ ነበር!

ስለዚህ በቤታችሁ ማንኛውንም ነገር ከመቀባታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የምቀባው ደኅና ቆዳ ነውን? የምቀባው ነገር ምን እንደ ሆነ ስሙን አውቀዋለሁን? እጄና ዕቃውስ ንጹሕ ነውን? ሦስቱም ከተሟሉ፣ በክንድ ውስጥ በኩል በጥቂቱ ቀብታችሁ አንድና ሁለት ቀን ጠብቁ። ካላሳከከና ካላቀላ ተጠቀሙበት። የቆሰለ፣ የሚያሳክክ፣ የደነዘዘ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ቦታ ቢኖር ግን ቅቤውን በጽዋው ትታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የእናቶቻችንን ሙያ የምናከብረው ሁሉን ይፈውሳል በማለት አይደለም። የሚችለውን ለይተን አውቀን፣ ከማይችለው ስንጠብቀው ነው። አያት ለልጅ ልጇ እንሶስላውን ስታስር ይህንንም ቃል ጨምራ ብትነግራት፣ ሙያውም አይጠፋም፤ ልጅቱም አትጎዳም።