ዕቁቡና የ2,000 ዶላሩ ጣሪያ



የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና፣ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ለመጡ አረጋውያን የዕቁብ ዕጣ መውጣቱ ሥጋትም ነው። ለጡረታ አበል 40 ነጥብ፣ ማለትም ቢያንስ የ10 ዓመት ሥራ ያስፈልጋል። አሜሪካና ኢትዮጵያ የጡረታ ዘመንን የሚያጣምር ስምምነት ስለሌላቸው፣ በአገር ቤት የተገለገለው ዘመን አይደመርም። ስለዚህ ዜግነት ያገኙት ብዙዎች የሚተዳደሩት ኤስኤስአይ በተባለው የፌዴራል ድጎማ ነው።

የድጎማው ደንብ ግለሰብ ከ2,000፣ ባልና ሚስት ከ3,000 ዶላር በላይ ተቀማጭ እንዳይኖራቸው ይከለክላል፤ ጣሪያው ከ1989 ወዲህ አልተነሣም። ሀብት የሚቆጠረው ወር በሚብትበት ቅጽበት በመሆኑ፣ በ28ኛው ቀን የወጣ የ5,000 ዶላር ዕጣ ባንክ ሰንብቶ አዲሱ ወር ከገባ የዚያ ወር ክፍያ ይቀራል። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና ግን አይቆጠሩም። ለቀብር የተለየ 1,500 ዶላርም እንዲሁ፤ ሕጉ ከኑሮ ይልቅ ለሞት መቆጠብን የፈቀደ ይመስላል።

ካሊፎርኒያ በበኩሏ የሜዲ-ካልን የሀብት ገደብ በጥር 2024 አንሥታ፣ በጥር 2026 በ130,000 ዶላር መልሳዋለች። ያው የዕቁብ ገንዘብ በክፍለ ግዛቱ ደንብ ከገደቡ እጅግ ያነሰ ነው፤ በፌዴራሉ ግን የወር ቀለብ ያሳጣል።

ጣሪያውን ወደ 10,000 እና 20,000 ዶላር የሚያሳድግ ረቂቅ ለኮንግረስ በተደጋጋሚ ቀርቦ አልጸደቀም። ከካሊፎርኒያ ተወካዮች የሚጠበቀው ዳግም ሲቀርብ ስማቸውን በደጋፊነት ማስመዝገብ ነው።