የወይዘሮ ወለተ እስራኤል ትውልድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ለዚህ በዓል ልንነግራችሁ የመረጥነው ስለ አንዲት ሴት ነው። የሞጣን ቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር የተከሉት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል መሆናቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ይሁን እንጂ «የማን ልጅ ናቸው? ከእርሳቸውስ ማን ተወለደ?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ብዙዎቻችን ከስማቸው አልፈን መሄድ ያቅተን ነበር። ስለዚህ እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሐረጋቸውን ወደ ላይም ወደ ታችም ልንከተል ተነሣን።

ወደ ላይ መቍጠሩ ብዙ አያስቸግርም፤ የቤተ መንግሥት ሰው ጸሓፊ አያጣምና። እናታቸው በ1723 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እቴጌ ምንትዋብ፣ አያታቸው ደግሞ ወይዘሮ እንኮዬ ናቸው። እቴጌዪቱ ባላቸው ዐፄ በካፋ ከሞቱ በኋላ፣ ስለ ሕፃኑ ልጃቸው ስለ ዳግማዊ ኢያሱ ሆነው መንግሥቱን መሩ። በኋላም የዐፄ በካፋን የእኅት ልጅ ግራዝማች ኢያሱን ባል አድርገው ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ እነርሱም ወይዘሮ አስቴር፣ ወይዘሮ ወለተ እስራኤልና ወይዘሮ አልጣሽ ይባላሉ።

ከሦስቱ በውጭ አገር ይልቁን የታወቁት ወይዘሮ አስቴር ናቸው። የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ፣ በቍስቋም ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተሰቡን ልጆች ስላስታመመ፣ በመጽሐፉ ደጋግሞ ያነሣቸዋል። ወደ ጎጃም የመጡት እኅታቸው ግን ይህን ያህል የሚጽፍላቸው እንግዳ አላገኙም።

ወለተ እስራኤል የጎጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አገቡ። ከጎንደር ወደ ሞጣ ለሚመጣ መንገደኛ፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የምንለው በዓባይ ላይ ነበረለት፤ ያን ጊዜ ገና አልተሰበረም። ወይዘሮዋም በሞጣ ደብሩን ተክለው፣ በቅዳሴና በማሕሌት ለሚያገለግሉ ካህናትና ደብተሮች መሬት ሰጡ።

ምድሩ ግን ከእርሳቸው በፊት ባዶ አልነበረም። በጎጃም ልማድ መሬቱን አስቀድሞ ያቀናው ሰው አቅኚ አባት ይባላል፤ ርስት የሚጠይቅ ሁሉ ትውልዱን እስከ እርሱ ቈጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ቈጠራውም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም ይሄዳል፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ርስት ትካፈላለች። በብዙ አገር ሴት ልጅ ከአባቷ መሬት ምንም በማታገኝበት ዘመን፣ አባቶቻችን ይህን መያዛቸው የሚያስመሰግናቸው ይመስለናል።

አሁን ወደ ታች እንውረድ። ከዮሴዴቅ የወለዷቸው ራስ ኀይሉ በዘመነ መሳፍንት ጎጃምን ገዙ። የራስ ኀይሉ ልጅ ወይዘሮ ድንቅነሽ ደጃዝማች ዘውዴን አግብተው ደጃዝማች ጎሹን ወለዱ። ጎሹ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት ከካሣ ኀይሉ ጋር ሲዋጉ፣ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ሞቱ። የጎሹ ልጅ ተሰማ፣ የተሰማ ልጅ አዳል ነው፤ አዳልም በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ ሆኑ።

እስቲ በጣታችሁ ቍጠሩ፦ ምንትዋብ፣ ወለተ እስራኤል፣ ኀይሉ፣ ድንቅነሽ፣ ጎሹ፣ ተሰማ፣ አዳል። ከሰባቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ስንጠራቸው ግን «ጎሹ ዘውዴ»፣ «ተሰማ ጎሹ» እያልን የአባትን ስም ብቻ ስለምናስከትል፣ ድንቅነሽ ከመካከል ይጠፋሉ። ድንቅነሽ ከጠፉ ደግሞ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ከወለተ እስራኤልና ከጎንደር የሚገናኝበት ክር እዚያው ይበጠሳል። ሰው የሴት አያቱን ስም ረሳ ማለት፣ ከዘሩ እኩሌታውን ረሳ ማለት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ወለተ እስራኤል የክርስትና ስም ስለ ሆነ፣ በብራና ላይ የተገኘች ወለተ እስራኤል ሁሉ እርሳቸው አይደሉም፤ ማዕርጉን፣ የባሏን ስም፣ ምስክሮቹንና የነገሠውን ንጉሥ አስተያይቶ መለየት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ደግሞ ብዙ ስም ሊኖረው ይችላል። እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነውና፣ ይህን ያላወቀ አንባቢ ሦስት ሴቶች ያደርጋቸዋል። በቍስቋም ከነበሩት መጻሕፍትም ከፊሉ፣ ከ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ዘመቻ በኋላ ለንደን ስለ ተወሰደ፣ የሞጣ ተማሪ በእጁ ሊዳስሰው አልታደለም።

የቀረው መጽሐፍ እንግዲህ ሽማግሌዎቻችንና አሮጊቶቻችን ናቸው። ቀድሞ ዘር መቍጠር ሁለት ጥቅም ነበረው፤ አንዱ ርስት ለመሟገት፣ ሁለተኛው እስከ ሰባት ቤት ከዘመድ ጋር ላለመጋባት። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆኖ ሲታወጅ የፊተኛው ቀረ። የርስት ሙግት አይናፍቀንም፤ ስንቱን ወንድማማች አጣልቷል። ግን ሙግቱ ሲቀር የአያት ስም አብሮ መቅረቱ ያሳዝነናል። በክፍላችን ሁላችንም እየተነሣን ስንቈጥር፣ በአባት ወገን እስከ ስድስትና ሰባት የደረሰ ተገኝቷል፤ በእናት የእናት እናት ወገን ግን ከሦስተኛዋ ያለፈ ጥቂት ነው። አንዱ ጓደኛችን «እማሆይ ነው የምንላቸው፤ ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን፤ ከዚያ በኋላ ግን ዝም አልን።

ስለዚህ አንድ ደብተር አዘጋጅተናል። በውስጡ የእናቶች ስም ብቻ ይጻፋል፤ ይኸውም የእናት፣ የእናት እናት፣ የቅድመ አያት፣ ደግሞም ከየት ቀበሌና ከየት ደብር እንደ መጡ። እናቶቻችን ሆይ፣ ዛሬ ዳቦውና ጠላው ከመቅረቡ በፊት እባካችሁ ወደ በሩ ብቅ በሉ፤ ጸሓፊዎቹ እርሳስ ቀርጸው ይጠብቋችኋል።