የተሰወረና የጠፋ ፋይል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ለጉባኤ የማይበቃ ትንሽ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፉ ማስረከቢያ ቀን ተቃርቦ ፍላሹን ቢከፍት ባዶ ሆኖ ያገኘው ተማሪ ትንሽ ነገር ነው አይለንም። መጠይቅ ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ የዞረበት፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ ያነበበበት፣ ያንድ ዓመት ሙሉ ድካም አውራ ጣት በምታህል ዕቃ ውስጥ ነበርና። ከዚህም ይልቅ የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ እዚያው እያለ ባለቤቱ ደንግጦ በሚያደርገው ነገር ራሱ የሚያጠፋው መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የምናሳስባችሁ፣ መሰወርና መጥፋት አንድ አለመሆናቸውን ነው።

ነገሩን በቤተ መጻሕፍት ምሳሌ እንመልከተው። መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የካርዱን ሣጥን ያያል፤ ካርዱም መጽሐፉ ያለበትን መደርደሪያ ይነግረዋል። በሃርድ ዲስክ ላይ አንድ ፋይል ስናጠፋ ኮምፒዩተሩ የሚያነሣው ካርዱን ነው፤ መጽሐፉ ግን ሌላ መጽሐፍ መጥቶ ስፍራውን እስኪወስድበት ድረስ በመደርደሪያው ላይ ይቈያል። እንግዲህ ፋይል ጠፋ ባልን ሰዓት የመጀመሪያው ግዴታችን መጻፍ ማቆም ነው። በዚያው ዲስክ ላይ ፊልም መጫን፣ ፕሮግራም ማስገባት፣ የፋይል ማዳኛ ፕሮግራምም ቢሆን እዚያው ላይ መጫን፣ የምንፈልገውን መጽሐፍ በገዛ እጃችን ከመደርደሪያው ማውረድ ነው። ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው በአዲሱ ዓይነት ዲስክ ላይ ግን ዕድሉ የጠበበ ነው፤ ባዶ ተብሎ የተነገረውን ስፍራ ዲስኩ ራሱ ጊዜ ሳይሰጥ ሊያጸዳው ይችላልና።

ከዚህ ቀጥሎ ምክንያቱን መለየት ያስፈልጋል። እኛም በሦስት ከፍለን እናቀርበዋለን።

አንደኛው ቫይረስ ነው። ፍላሻችን ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ኮምፒዩተር ክፍል፣ ከዚያም ወደ ጓደኛ ላፕቶፕ ሲዘዋወር የሚይዘው የተለመደው በሽታ የሾርትከት ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይሰውርና በስማቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸውን ሾርትከቶች ያስቀምጣል፤ ተጠቃሚውም ፎልደሩን የከፈተ መስሎት ቫይረሱን ያስነሣዋል። መለያው ቀላል ነው። ፍላሹ ባዶ መስሎ እየታየ በፕሮፐርቲስ ላይ የተያዘው ቦታ ብዙ መሆኑን ካሳየ፣ ፋይሎቹ እዚያው ናቸው ለማለት ያስደፍራል። መድኀኒቱም፣ ሾርትከቱን ሳይነኩ አስቀድሞ በታደሰ አንቲቫይረስ ቫይረሱን ማስወገድ፤ ቀጥሎም በፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ የተሰወሩ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝና የሲስተም ፋይሎችን ከሚሰውረው መስመር ላይ ምልክቱን ማንሣት፤ ወይም አትሪብ በተባለው ትእዛዝ የመሰወሪያውንና የሲስተሙን ምልክት ከፋይሎቹ ላይ መግፈፍ ነው። ቫይረሱ ሳይወገድ ፋይሎቹን ብቻ ቢገልጧቸው ተመልሰው ይሰወራሉ።

ቫይረስ ሁሉ ግን እንዲህ ገራም አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. ዓለምን ያጥለቀለቀው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ የኤም ፒ ስሪ ሙዚቃዎችን ሲሰውር፣ የጄፔግ ሥዕሎችን ግን በላያቸው ላይ የራሱን ጽሑፍ እየጻፈ አጥፍቷቸዋል። የተሰወረው ይገለጣል፤ በላዩ የተጻፈበት ግን በዚያ ዲስክ ላይ አይመለስም።

ሁለተኛው ምክንያት በኮምፒዩተሩ አሠራር የሚመጣ ነው። ዊንዶውስ የተጠቃሚውን ፕሮፋይል መክፈት ሲያቅተው በጊዜያዊ ፕሮፋይል ይገባል፤ ያን ጊዜ ዴስክቶፑ ባዶ ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በየካቲት 2020 የወጣ አንድ የዊንዶውስ ማሻሻያ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይህንኑ አድርጎ ነበር። ፋይሎቹ በሲ ዲስክ ላይ ዩዘርስ በተባለው ፎልደር ውስጥ፣ በባለቤቱ ስም ይገኛሉ። በዚያ ጊዜያዊ ዴስክቶፕ ላይ ግን አዲስ ሥራ ማስቀመጥ አይገባም፤ ሲወጡ አብሮ ይጠረጋል።

ሦስተኛውና እጅግ የሚያሠጋው የዲስኩ የራሱ ሕመም ነው። በሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ሳሕን በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የሚያነበውም ራስ ከሳሕኑ በላይ ከጠጕር ውፍረት በብዙ ሺሕ እጅ በሚያንስ ክፍተት ይንሳፈፋል። ላፕቶፑ ሲወድቅ ይህ ራስ ሳሕኑን ሊነካ፣ ሊቧጭረውም ይችላል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ፋይል ለመክፈት ደቂቃዎች መፍጀት፣ የፎልደር ስም ወደማይነበብ ፊደል መለወጥ፣ «ፎርማት ይደረግ ወይ?» የሚል ጥያቄ መምጣት፣ በመጨረሻም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ። ለፎርማቱ ጥያቄ መልሱ እንቢ ነው። ድምፁ ከተሰማ ወዲያው ማጥፋት ይገባል፤ እያንዳንዱ ዙር ሳሕኑን ሊፍቅ ይችላልና። ክዳኑን ከፍቶ ለማየት መሞከር አቧራ ማስገባት ነው። ድምፅ ሳይኖር ዝግታ ብቻ ከሆነ፣ እጅግ አስፈላጊውን ፋይል አስቀድሞ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይሻላል። የታመመ ዲስክ ላይ ቼክ ዲስክ የተባለውን ማረሚያ ማስኬድ ግን የቀረውንም ሊያበላሽ ይችላል፤ ቅጂው ከተወሰደ በኋላ የሚደረግ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም።

ወገኖቻችን፤ ከዚህ ሁሉ መድኀኒት የሚበልጠው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. ፒክሳር በተባለው ኩባንያ «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለው ፊልም ሲሠራ፣ አንድ የማጥፊያ ትእዛዝ የፊልሙን ብዙ ክፍል ጠረገው፤ የመጠባበቂያውም ቅጂ ሲፈተሽ የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። ፊልሙን ያዳነው ከሠራተኞቹ አንዷ ጋሊን ሱስማን ቤቷ ሆና ለመሥራት የወሰደችው ቅጂ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብና ባለሙያ ያለው ድርጅት በዚህ ከዳነ፣ ባንድ ፍላሽ የምንታመን እኛ ምን እንላለን?

ደንቡ አጭር ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱም በሌላ ስፍራ። አንዱ በላፕቶፕ፣ አንዱ ተነቅሎ በሚቀመጥ ዲስክ፣ አንዱም በኢሜይል ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጫ። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ግን ቫይረስ በመጣ ጊዜ አብሮ ይያዛልና መጠባበቂያ አይባልም። ቅጂውንም አልፎ አልፎ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ደግሞም ይህ የግል ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። በጋራ ኮምፒዩተር ላይ ያልተመረመረ ፍላሽ የሚሰካ ሰው የራሱን በሽታ ለመቶ ጓደኞቹ ያካፍላል። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ሁለት ነገር እንድንፈጽም እንለምናችኋለን፤ ፍላሻችንን ሳንመረምር በጋራ ኮምፒዩተር ላይ እንዳንሰካ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዝነውም ሳንተኛ ሁለተኛውን ቅጂ ዛሬ ማታ እንድናደርግ።